አንዷን ምረጡ

የታሰርኩት ከመንገድ ላይ ወረቀት አንስቼ ነው።

ዳባት ውስጥ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ብዙ ባይቆይም ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ማውራት ትቶ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ግራና ቀኝ ወረቀት ተበትኖ አገኘሁ። ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንም ያውቃል። ሰዉ እንዳላየ ሆኖ እየረገጠው ያልፋል። እኔ ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳገላብጠው ጀርባው ባዶ ነው፤ ንጹሕ ነጭ። በትምህርት ቤታችን ወረቀት ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ልጆቹ ፈተና የሚጽፉት የሳሙና ካርቶን ቀድደው ነበር። አራት አምስት አንስቼ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳልደርስ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ያዙኝ።

«ለምን አነሳሽ?»

«ጀርባው ባዶ ስለሆነ።»

ይህንኑ መልስ በኋላ ደባርቅ ላይ ለሦስት ሰዎች ሰጥቻለሁ። አንዳቸውም አላመኑኝም። በሦስተኛው ጊዜ ስናገረው ለራሴም ውሸት መሰለኝ። የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ማን መለመለሽ?» ማንም አልመለመለኝም ስላቸው፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ረግጦት ሲያልፍ አንቺ ብቻ ለምን አነሳሽ?» ይሉኛል። ከምርመራው በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ጀርባዬን ተደግፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ደባርቅ ያስገቡኝ ቤት የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። በሩ ሲከፈት የተቀበለኝ የቆየ ገብስና የአይጥ ሽታ ነው። ግድግዳው በሦስት በኩል ጭቃ፣ በአንድ በኩል ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥርና ቆርቆሮው ላይ በቀሩት የምስማር ቀዳዳዎች ነው። ስምንት ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። አንዲት ጠና ያለች ሴት በእግሯ ወደ ቆርቆሮው በኩል አመለከተችና «ቦታሽ እዚያ ነው» አለችኝ። አዲስ የመጣ ሰው የሚይዘው ቦታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ ሲቀልጥ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል።

ይህች ሴት እዚያው ደባርቅ ገበያ ጨውና በርበሬ ትነግድ ነበር። እስላም ናት፤ የአራት ልጆች እናት። «ጫካ ለገቡት ጨው ሸጠሻል» ተብላ ነው የገባችው። «ጨው የሚገዛኝ ሰው ከየት እንደመጣ ግንባሩ ላይ አልተጻፈበት» ብላ እንደመለሰችላቸው ራሷ ነግራናለች። ከእሷ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልተግባባንም።

ያጣላን ምስር ነው። የዘበኞቹን ቀለብ የምንለቅመው እኛ ነበርን። ጠዋት ሁለት ሦስት ሰፌድ ምስር ወይም ባቄላ ይገባልናል፤ ጠጠሩን፣ አፈሩን፣ ነቀዝ የበላውን ለቅመን እናወጣለን። እኔ መልቀም አልችልበትም። እናቴ ቤት ሳለሁ ሰፌድ ስታቀርብልኝ መጽሐፍ ይዤ እጠፋ ነበር። አንድ ቀን አንድ ዘበኛ ጠጠር ነክሶ ጥርሱ ተሸረፈና ሁላችንም ለሁለት ቀን ደጅ እንዳንወጣ ተከለከልን። የማን እጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃሉ። ጨው ነጋዴዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጋ እጄን ይዛ ምስሩ ውስጥ ከተተችው።

«በዓይንሽ አትልቀሚ። ዓይን ይታክታል። በጣትሽ ልቀሚ። ጠጠር ይቀዘቅዛል፣ ምስር አይቀዘቅዝም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አልገባሽም። ዓይንሽን ጨፍኚና ልቀሚ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ግማሽ ቀን ለቀምኩ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት እንደ ሕፃን ስለቆጠረችኝ ጠላኋት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ከሁሉም ፈጥኜ የምለቅመው እኔ ሆንኩ።

ከሌሎቹ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንደኛዋ ከጃናሞራ የመጡ መነኩሲት ናቸው፤ እማሆይ እንላቸዋለን። የቆሰለ ሰው ጎጆአቸው ውስጥ አስተኝተዋል ተብለው ነው። ሁለተኛዋ ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣች ሙሽራ ናት። የሚፈለገው ባሏ ነበር፤ እሱ ሲጠፋባቸው እሷን ይዘው መጡ። የሠርጓ እንሶስላ ከጥፍሯ ላይ ገና አልለቀቀም። ቀሪዎቹ አምስቱ የደባርቅና የዳባት ሴቶች ናቸው።

ይህን የምጽፍለት ቀን ሲነጋ እንደሌላው ቀን ነበር። ብርድ ስለነበር ተነስቼ እንጎራደዳለሁ። ስድስት እርምጃ ወዲያ፣ ስድስት እርምጃ ወዲህ። ቆርቆሮው ጋ ስደርስ በምስማሩ ቀዳዳ ደጁን አያለሁ። ሁለት ዘበኞች አንዱ አካፋ፣ አንዱ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሲሄዱ አየኋቸው። ዓይኔን ከቀዳዳው ላይ አነሳሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ያልተናገርኩበት ምክንያት አለኝ። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ ከወንዶቹ ክፍል ሦስት ሰዎች «ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ» ተብለው ተጠርተው ነበር። በማግሥቱ ቤተሰቦቻቸው ስንቅ ይዘው ሲመጡ በሩ ላይ «መልሱት» ተባሉ። ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። እኔ ከመምጣቴ በፊት ግን ከእኛው ክፍል አንዲት ሴት እንደዚሁ ተጠርታ ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ስለዚህ መጠራት ሁለት ነገር ነው። የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ምስሩና ባቄላው ቀርቦልን መልቀም እንደጀመርን የእስር ቤቱ ኃላፊ በሩን አስከፈተ። ወደ ውስጥ አልገባም። የወታደር ካፖርቱን እንደደረበ ደፉ ላይ ቆመና በመሐረብ አፍንጫውን ያዘ።

«ስንት ናችሁ?»

«ዘጠኝ» አልኩት። መጻፍ ስለምችል የክፍሉን ስም ዝርዝር የምይዘው እኔ ነበርኩ።

«ከዘጠኛችሁ አንዷን ምረጡ። ከቀትር በኋላ ስመለስ ስሟን ትነግሪኛለሽ።»

እማሆይ ከተቀመጡበት ቀና ብለው «ልጄ፣ ለምኑ ነው የምትመረጠው?» አሉት።

«ምረጡ ነው የተባላችሁት» አለና ሄደ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚሰማው ምስር በሰፌድ ላይ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ነበር። እጃችን መልቀሙን አላቆመም። መጀመሪያ የተናገረችው ሙሽራዋ ናት።

«እኔ ልሂድ። የትም ይሁን። ቁርጤን ልወቅ።»

«አንቺ ዝም በይ፣ ልጅ ነሽ» አሏት እማሆይ። «እኔ እሄዳለሁ። ለሞት ከሆነ ዕድሜዬ ደርሷል፤ የተውኩት ነገር የለም።»

ጨው ነጋዴዋ ሰፌዷን አስቀመጠች። «ለመፈታት ከሆነስ እማሆይ? እርስዎ ጎጆዎ ሊገቡ፣ የሕፃን እናት እዚህ ልትቀር ነው?»

እማሆይ አንገታቸውን ደፍተው መልቀም ቀጠሉ።

«እኔ አልዋሽም» አለች ነጋዴዋ። «ለመፈታት ከሆነ ምረጡኝ። አራት ልጆች ጎረቤት ላይ ጥያለሁ። ለሌላው ከሆነ ግን እንዳትመርጡኝ።»

አንዲት የዳባት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ ነጋዴዋም ራሷ። ሳቁ ሲያልቅ አንዳችን የአንዳችንን ዓይን ሸሸን፤ ምክንያቱም የተናገረችው የሁላችንንም ልብ ነው። መልካሙ ከሆነ ለእኔ፣ ክፉው ከሆነ ለሌላ ሰው። የትኛው እንደሆነ ካላወቅን ደግሞ መምረጥ አንችልም። የምንወዳትን ብንመርጥ ልንገድላት እንችላለን። የምንጠላትን ብንመርጥ አስፈትተናት እኛው እንቀራለን። በዚያ ላይ ከምርጫው በኋላም አብረን የምንተኛው እዚያው መሬት ላይ ነው።

እኔ ተነስቼ መንጎራደድ ጀመርኩ። «ተቀመጪ፣ አዞርሽን» አለችኝ ነጋዴዋ። ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቼ መልሼ ተነሳሁ። አካፋው ዓይኔ ላይ ነው። ብነግራቸው ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ ማንም እሺ አትልም፤ ኃላፊው ሲመጣ ደግሞ ስም አልመረጥንም ብዬ የምቆመው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ በልቤ እያወጣሁና እያወረድኩ ዝም አልኩ። ፀሐይዋ በበሩ ሥር የምትጥለው ብርሃን እያጠረ ሄደ።

በመጨረሻ እማሆይ «ዕጣ እንጣል» አሉ። «ሰው ከመረጠ ተጠያቂ አለ። ዕጣ ግን የሚወጣው ከላይ ነው። የቀደሙ አባቶችም ሲቸግራቸው ዕጣ ጥለዋል።»

ሁሉም ተስማሙ። ዕጣውን እንዳዘጋጅ ለእኔ ሰጡኝ። ከባቄላው ውስጥ ነቀዝ ያልነካቸው፣ መጠናቸው እኩል የሆኑ ዘጠኝ ፍሬዎች መረጥኩ። የአንዱን ጫፍ በጥርሴ ሸረፍኩት። ለሁሉም አሳየኋቸው። እማሆይ ነጠላቸውን እንደ ከረጢት አጥፈው ባቄላዎቹን ጨመሩበትና ወዘወዙት።

«ሁሉም አንስታ እስክትጨርስ ማንም እጇን እንዳትከፍት» አሉ። «ዓይናችሁን ወደ እኔ አድርጉ እንጂ ወደ ነጠላው አታድርጉ።»

«መጨረሻ እኔ ነኝ» አለች ነጋዴዋ። «እናንተ ካነሳችሁ በኋላ የሚቀረውን እወስዳለሁ። መርጬ ያነሳሁት ከሆነ እድሜ ልኬን እጄን ስረግም እኖራለሁ። የቀረ ከሆነ ግን አላህ ያለው ነው።»

«እንግዲያው ያዘጋጀችው ከእሷ በፊት ታንሳ» አሉ እማሆይ። ራሳቸው መጀመሪያ አነሱ። ሁለተኛ ሙሽራዋ አነሳች። ከዚያ አምስቱ ተራ በተራ እጃቸውን እየከተቱ ጨብጠው አወጡ። አንዳንዷ ፈጥና፣ አንዳንዷ ቆይታ። ተራው ለእኔ ደረሰ።

እጄን ስከት ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው። አንዱ ለስላሳ ነው። ሌላውን ስነካው ስብራቱ ጣቴ ጫፍ ላይ መጣ። ራሴ በጥርሴ የሸረፍኩት ነው፤ ልሳሳት አልችልም። እማሆይን ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አካፋ ይዘው ወደ ባሕር ዛፉ የሄዱት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ለስላሳውን ጨብጬ አወጣሁ።

ጨው ነጋዴዋ የቀረውን አነሳች።

«ክፈቱ» አሉ እማሆይ።

ዘጠኝ እጅ ተከፈተ። ነጋዴዋ መዳፏን ዝቅ አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ አየችው። «እኔ ነኝ» አለች። ያለቀሰ የለም። ሙሽራዋ ልታቅፋት ስትነሳ በእጇ መለሰቻት።

ከመጠጫ ቅላችን ውኃ ጠየቀች። እጇን፣ ፊቷን፣ ክንዷን፣ እግሯን ታጠበች። የራስ መሸፈኛዋን አስተካክላ ማዕዘኑ ላይ ሰገደች። ስትጨርስ የምትተኛበትን አጎዛ ጠቀለለችና እኔ ፊት መጥታ ቆመች።

«ያዢ። ያንቺ ቦታ ይንጠባጠባል።»

«ይቅር፣ ለሌላ ስጭው» አልኳት።

«ያዢ አልኩሽ። ከሁሉም የሚበርድሽ አንቺ ነሽ። መቼም ስትንቀጠቀጪ ሳትረብሺኝ ያደርሽበት ቀን የለም።»

ተቀበልኳት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ በሩ ተከፈተ።

ኃላፊው «ማን ናት?» አለኝ። ስሟን ነገርኩት።

«ማን መረጣት?»

«ዕጣ ነው» አልኩት።

«ዕጣ?» አለና ሁላችንንም በየተራ አየን። ቅር ያለው መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። አብሮት የመጣው ዘበኛ ክንዷን ሊይዝ ሲጠጋት ነጋዴዋ ፈቀቅ አለችና «አትንካኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። ከተማዬ ነው» አለችው። ከፊቱ ቀድማ ወጣች።

ዓይኔን ከምስማሩ ቀዳዳ ላይ ጀንበር እስክትጠልቅ አላነሳሁም። የሚታየኝ የአጥሩ ጥግና የባሕር ዛፉ ጫፍ ብቻ ነው። የተሰማ ነገር የለም። በማግሥቱም አልተሰማም። ዘበኞቹን ስንጠይቅ «አናውቅም» ይላሉ። ሌሎቹ ሴቶች ሲደክማቸው ይቀመጣሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይለቅማሉ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። አጎዛው ላይ አልተኛሁበትም፤ ጠቅልዬ ማዕዘን ላይ አቆምኩት። «ለምን አትጠቀሚበትም?» ሲሉኝ «ስትመለስ ትፈልገዋለች» አልኩ። ሙሽራዋ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሸምገል ያለ ዘበኛ ትልቅ አገልግል ይዞ ገባ። «ከነጋዴዋ ነው» አለን። «ቤቷ ነች። ልጆቿን አቅፋ ስታለቅስ ነው የተውኳት።»

እማሆይ መሬቱን ሳሙ።

ነገሩን ያ ዘበኛ ነገረን። ከጎንደር ትእዛዝ መጥቶ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሰው እንዲፈታ ተብሏል። የሚፈታው ሰው በእስረኞቹ እንዲመረጥ ኃላፊው ራሱ ያመጣው ሐሳብ ነው። ለምን እንደሆነ ያልነገረንም ሆን ብሎ ነው። «ማንን አሳልፋችሁ እንደምትሰጡ ሊያይ ነበር» አለ ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እየፈራሁ ስለ አካፋው ጠየቅኩት። «የሽንት ቤት ጉድጓድ ነዋ፤ የድሮው ሞላ» አለኝ።

አገልግሉ ሲከፈት ለስምንታችንም የሚበቃ ዳቦና የተቆላ ሽምብራ አለበት። የነቢያት ጾም መሆኑን አስታውሳ ዳቦውን ዘይት ብቻ ነው ያስነካችው። «ዕጣው እናቲቱን አወቃት» አሉ እማሆይ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔ ድርሻዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ልውጠው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ስንቅ ትልክልን ጀመር። በአራተኛው ገበያ በር ድረስ ሄጄ የምቀበልበት ተራዬ ደረሰ። አጎዛውን ይዤ ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች። ወፍራለች። ስታየኝ ደስ አላት።

«አስተማሪ፣ ከስተሻል እኮ። አጎዛውን ለምን አመጣሽው?»

«የምነግርሽ አለ» አልኳት። ዘበኛው ራቅ ብሎ ነበር። «ባቄላውን ሳነሳ ሁለቱንም ነክቼ ነበር። የተሸረፈው የትኛው እንደሆነ አውቄያለሁ። ላንቺ የተውኩልሽ አውቄ ነው። ያን ቀን ጠዋት አካፋ ሲይዙ አይቼ ሞት መስሎኝ ነበር።»

ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም።

«ይህን ለምን ነገርሽኝ?»

«አላውቅም። ዳቦሽ አልወረደልኝም።»

«እኔ ለልጆቼ አላህ መረጠኝ ብያቸዋለሁ» አለች። «አሁን ምን ልበላቸው?»

አጎዛውን በአጥሩ ላይ አሳልፌ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። ባዶውን አገልግል አንስታ ሄደች።

በሚቀጥለው ገበያ ስንቅ አልመጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣም። ከሩቅ የመጡት ሴቶች የሚበሉት የእሷን ስንቅ ነበርና ረሃቡ ታወቀ። «መልሰው አስረዋት ይሆን?» ይላሉ። «ታማ ይሆን?» እማሆይ ስሟን እየጠሩ ይጸልዩላት ጀመር። ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን እየለቀምን ሳለ ሰፌዴን አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አካፋውን፣ ባቄላውን፣ አጥሩ ላይ ያልኳትን። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። ቦታዬን ነጥለው ብቻዬን ቢያስቀምጡኝ እንኳ እሺ እል ነበር።

ሙሽራዋ ቀና ሳትል እንሶስላው የቀረውን ጥፍሯን እያየች «እኔም ነክቼው ነበር» አለች። «ሁለተኛ አልነበር ያነሳሁት? ስብራቱ እጄ ላይ ገባ። ለቀቅኩት።»

አንዲት የደባርቅ ሴት «እኔም» አለች። ከእሷ በኋላ ሌላ አልተናገረችም፤ እማሆይም ማንንም አልጠየቁም። እሳቸው የራሳቸውን እጅ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«የእኔ ጣት ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ምንም አልተሰማኝም» አሉ። ቀጥለውም «ቢሰማኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም» አሉ። ሰፌዳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። ሁላችንም ወደ ምስሩ ተመለስን።

በሦስተኛው ገበያ አገልግሉ መጣ። ዳቦው እንደ በፊቱ ስምንት ነው። መልእክት የለውም። የእኔን በላሁ።

የተፈታሁት ከሰባት ወር በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ለምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። ከበሩ እንደወጣሁ ወደ ዳባት በሚሄደው መኪና አልተሳፈርኩም፤ ገበያው ዳር ያለች ሱቋን ጠይቄ ሄድኩ። ለአንድ ገበሬ ጨው እየሰፈረች ነበር። አየችኝና ስፍሯን አላቋረጠችም። ሰውየው ሲሄድ በእጇ ወንበሩን አሳየችኝ።

«በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

ለሁለታችንም አቀረበች። እጇን ከታጠበች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ሁለት ገበያ ተናድጄ ቀረሁ። ከዚያ አሰብኩት። አንቺ አንስተሽው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ። ላመሰግንሽ አልችልም፤ የሰጠሽኝ ሞቴን ነው። ልጠላሽም አልሆነልኝም፤ ይኸው ቤቴ ነኝ።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ብያለሁ። ለልጆቼ ግን አልነገርኳቸውም። አንቺም አትንገሪያቸው።»

እሺ አልኳት። በዚያ ምክንያት ወዳጅ ሆንን ልል አልችልም። ግን በደባርቅ ባለፍኩ ቁጥር ወርጄ እጠይቃት ነበር፤ እሷም እኔ ጎንደር ከተዛወርኩ በኋላ ለሕክምና ስትመጣ እኔ ቤት ታርፍ ነበር። ስለዚያ ቀን ሁለተኛ አንስተን አናውቅም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ገበያ ወጥቼ ድንች ሻጯ «መርጠው ይውሰዱ እማማ» ስትለኝ እጄ መጀመሪያ የነካውን አነሳለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር ገበያ መሄድ አትወድም፤ የተመታ ድንች ነው የምታመጪው ትለኛለች። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሥራ ስፈታ አሁንም እንጎራደዳለሁ። ሰፊ ቤት ውስጥ ሆኜ እንኳ ስድስት እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ።

ነጋዴዋ ያረፈችው በቅርቡ ነው። ደባርቅ ሄጄ ሐዘን ቤት ገባሁ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቋ ልጇ አሁን እሷም ሽበት አውጥታለች። ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ሰው እየገባ ሲያስተዛዝን የእናቷን ነገር ታወራ ጀመር፤ እንዴት እንዳሳደገቻቸው፣ እንዴት እንደታሰረች። «ከዘጠኝ ሴት መካከል አላህ መርጦ አወጣልን» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎም እዚያ ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ» አልኳት።

«እንዴት ነበር? እማ ዝርዝሩን አትነግረንም ነበር።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ አዩ።

«ሁላችንም አነሳን» አልኩ። «የቀረው የእሷ ነበር።»

ልጅቷ በመሸፈኛዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ትራስ አመጣችና ከጀርባዬ አደረገችልኝ። እስኪመሽ ድረስ አብሬአቸው ተቀመጥኩ።

ይህን ስጽፍ የማንንም ስም አልጠራሁም። ጨው ነጋዴ ናት ያልኳትም ምናልባት የምትነግደው ጨው ላይሆን ይችላል፤ ልጆቿም አራት ላይሆኑ ይችላሉ። የቀረው ግን ሁሉ እንደነበረ ነው።